በልክ መኖር፦ ከሐይቅ ውኃና ከአምባሰል ማር የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ማገዶና ያለ መሬት ሊኖር አይችልም። እነዚህ ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጡን ናቸው፤ እነርሱን መሻትም ኃጢአት አይደለም። ስለ አጠቃቀማቸው ማስተማር አስቸጋሪ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ስርቆት ወይም ስለ ሐሰት ስናስተምር «አታድርግ» ብለን መጨረስ እንችላለን። ውኃ የሚቀዳውን፣ ዓሣ የሚያጠምደውን፣ እንጨት የሚለቅመውን ወንድማችንን ግን እንዲህ ልንለው አንችልም፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ነውና። ልንጠይቀው የሚገባን «ምን ያህል?» ብለን ነው።

«ልክ» ወይም «መጠን» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታሰበን ከምንወስደው ላይ መቀነስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሌላው ወገን ልንጀምረው ወደናል። የምንወስደውን ከመስፈራችን በፊት ሊቀር የሚገባውን እንስፈር። የሚቀረው ያልታወቀለት ሀብት፣ የሚወሰድበትም ልክ ሊታወቅለት አይችልም። ይህንን ለማስረዳት ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ምድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሊቀር ስለሚገባው

እስራኤል በምድረ በዳ መና በወረደላቸው ጊዜ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጎሞር እንዲለቀም መታዘዙን በኦሪት ዘጸአት እናነባለን። አብዝቶ የሰበሰበ ሰው ከሌላው የበለጠ አልጠገበም፤ ጥቂት ይዞ የተመለሰም አልተራበም። ትእዛዙን ተላልፎ ለነገ ያሳደረው ግን ተበላሸበት። በኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ ሳያጭድ ለድኃውና ለመጻተኛው እንዲተው፣ ምድሪቱም በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ተደንግጓል። ኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ይከለክላል። መጽሐፈ ምሳሌም ማር ያገኘ ሰው እስኪያስመልሰው ድረስ እንዳይበላ ይመክራል።

እነዚህን ሕግጋት አንድ ላይ አድርገን ብናያቸው አንድም ቦታ መብላት አልተከለከለም። በእያንዳንዳቸው ግን የሚቀር ነገር ተወስኗል፤ ለድኃው የእርሻው ዳር፣ ለምድሪቱ የዕረፍት ዓመት፣ ለሚመጣው ትውልድ እናቲቱ ወፍ ቀርታለች። ጌታችንም አምስት ሺህ ሰዎችን በመገበ ጊዜ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል። ካለ መኖር አብዝቶ መስጠት የሚችለው አምላክ ትርፉ እንዳይጠፋ ካዘዘ፣ እኛ ጎተራችንና ምንጫችን የተወሰነ የሆንነው ሰዎች ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

ይህ ሥርዓት በገዳሞቻችን ሲሠራበት ኖሯል። በአንድነት ገዳማት መነኮሳት የሚቀበሉት የዕለት ድርሻ መቁኑን ይባላል። መቁኑን የሚሰፈረው ያለው ለማኅበሩ ሁሉ እንዲዳረስና ለነገም እንዲቆይ ተደርጎ ነው። ብርቱው ለሥራ፣ ደካማው ለጸሎት የሚበቃውን ያህል ያገኛል፤ እንግዳም ቢመጣ አይታጣለትም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የዚህ ትምህርት ታላቅ ቤት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን ከመሩበት ጊዜ ጀምሮ የመጻሕፍትና የምንኩስና ማእከል ሆኗል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ይኸው ነው። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕርግ ነበረው። የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ጊዜ እንኳ በልክ የሚጠበቅ ሀብት መሆኑን አባቶቻችን በማዕርግ ስም ሳይቀር ትተውልናል። ዛሬ ዐቃቤ የሚያስፈልገው ደግሞ ገዳሙን ዙሪያውን የከበበው ውኃ ነው።

መውጫ የሌለው ውኃ

የሐይቅ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ጥልቀቱ በጥልቁ ስፍራ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በአጠገቡ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ አርዲቦ የተባለው ሐይቅ አለ፤ ከዚያ የሚወርደው ወንዝ ወደ ሐይቅ ይፈስሳል። ከሐይቅ ግን በምድር ላይ ሲፈስስ የሚታይ የውኃ መውጫ የለም።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ። ወንዝ ያቆሸሹትን ይዞ ይሄዳል፤ በማግሥቱም ሌላ ውኃ ያመጣል። ዝግ ሐይቅ እንዲህ አይደለም። ከተራቆተው ተዳፋት ተጠርጎ የገባው አፈር በሥሩ ይቀመጣል። ከእርሻው የታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የወረደው ፍሳሽ በዚያው ይከማቻል። በፓምፕ የተሳበው ውኃም ሊመለስ የሚችለው በዝናብና ከላይ በሚወርደው ፈሳሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ሒሳብ እንደ ቤት ጎተራ ነው፤ የገባውና የወጣው ካልተመዛዘነ ጉድለቱ ወይም ክምችቱ አንድ ቀን ይገለጣል።

እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር መሆኑን ጎብኚ ሁሉ ያያል። ለውኃ ከፍታ መለዋወጥ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የዝናብ መብዛትና ማነስም ድርሻ አለው። ሆኖም ይህ ስፍራ ሐይቅ ማለት ሁልጊዜ ባለበት የሚቆም ነገር እንዳልሆነ በዓይን የሚታይ ምስክር ነው። ደግሞም የአርዲቦን ውኃ ለመስኖ ስንጠቀም፣ ከታች ያለው ሐይቅ የሚቀበለው እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም። የላይኛው ገበሬ ልክ የታችኛው ገበሬ ዕድል ነው።

ልክ የሚያስፈልገው በምንወስደው ላይ ብቻ እንዳልሆነም ሐይቅ ያስተምረናል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ቲላፒያ (ቆሮሶ) የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። ለብዙ ቤተሰቦችም ምግብና ገቢ ሆነ፤ ይህ በጎ ነው። ከዚያ በፊት የተደረጉ የሳይንስ ምልከታዎች ግን ሐይቁን በጣም ጥርት ያለ ውኃ ያለው ብለው መዝግበውት ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ውኃው ደፍርሶ፣ አረንጓዴ አልጌም በዝቶ አገኙት። ለለውጡ ካመለከቷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አልጌውን ይመገቡ የነበሩት ጥቃቅን የውኃ እንስሳት በአዲሱ ዓሣ መበላታቸው ነው። በበጎ አሳብ የተጨመረ ነገር እንኳ የቀድሞውን ሚዛን ይለውጣል። ስለዚህ በፍጥረት ላይ ስንጨምርም ሆነ ስንቀንስ አስቀድሞ መጠየቅና ማጥናት ይገባናል።

እናቲቱን መተው

የቆሮሶ ዓሣ አረባብ በኦሪት ዘዳግም ያለውን የወፍ ጎጆ ሕግ ያስታውሰናል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈልም ድረስ በአፏ ታቅፈዋለች፤ በእነዚያ ቀናት እምብዛም አትመገብም። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲያዩ ወደ እናታቸው አፍ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ዳርቻው በጠባብ ዓይን መረብ ቢታጠር ምን ይሆናል? አንዲት እናት ስትያዝ በአፏ ያለው ትውልድ አብሮ ይያዛል። ገና ያልወለደው ትንሹ ዓሣም ከመረቡ አያመልጥም። አጥማጁ ዛሬ የያዘው በቁጥር ብዙ ይመስለዋል፤ በሚዛን ሲቀመጥ ግን ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ያህል ለማግኘት ረጅም ሰዓት በታንኳ መቆየትና የመረቡን ዓይን ይበልጥ ማጥበብ ይኖርበታል። እንዲህ እያለ ድካሙ ሲጨምር ምርቱ ይቀንሳል። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው ነው።

አገራችን ለዚህ ሕግ አላት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ ሳይጠፋ ጥቅም ላይ እንዲውል ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ሌሊት በታንኳ ላይ አብሮ አያድርም። ሕሊና ግን ያድራል። ይህንን ሕሊና መቅረጽ የካህኑና የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ነው። የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን «ሰረቅህን?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ «መረብህ እናቲቱን ያስቀራልን?» ብሎ ቢጠይቀው ከአገልግሎቱ የወጣ ነገር አላደረገም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በዐቢይ ጾም ወራት በከተሞች የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል። ስለ ዓሣና ስለ ጾም ያለውን የሥርዓት ጥያቄ ለሊቃውንት እንተወው። ነገር ግን የእኛ ጾም በሐይቁ ላይ የበለጠ ብዝበዛ የሚያስከትል ከሆነ፣ የጾሙ ትርጉም በማእዳችን ላይ ብቻ ሳይሆን በውኃው ውስጥም መመርመር እንዳለበት አንጠራጠርም።

የሐረማያ ማስጠንቀቂያ

«ሐይቅ ያህል ነገር እንዴት ሊያልቅ ይችላል?» የሚል ሰው ቢኖር ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ይመልከት። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው የመጠጥ ውኃ ምንጭ፣ ለአትክልትና ለጫት እርሻም መስኖ ነበር። ከተማው አደገ፤ የገበሬው ፓምፕ በዛ፤ ዙሪያው ያለው ተራራ ተራቁቶ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወረደ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ታንኳ ይሄድበት የነበረው ስፍራ ደርቆ ከብት ተሠማራበት። ሐረርም የመጠጥ ውኃ ከሩቅ ለመሳብ ተገደደች።

በሐረማያ ከተጠቀሙት ሰዎች መካከል አንድም ሐይቁን ለማድረቅ ያሰበ አልነበረም። እያንዳንዱ የወሰደው የሚያስፈልገውን ነው፤ እያንዳንዱም የእርሱ ድርሻ ኢምንት መስሎታል። ጉዳቱ የመጣው የሁሉን ድምር የሚቈጥር፣ «ከዚህ በታች አይውረድ» ብሎም ምልክት የሚያደርግ ባለመኖሩ ነው። ከዓመታት በኋላ በዝናቡ መሻሻልና በተደረገው የተፋሰስ ሥራ ውኃ በሐረማያ እንደገና መታየቱ ተስፋ ይሰጣል። ቢሆንም በደረቁት ዓመታት የጠፋውን ኑሮ የሚመልስ የለም። ሐይቅ ከሐረማያ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ በቶሎ አይደርቅም ይሆናል። ነገር ግን ሐይቅ የሚሞተው በመድረቅ ብቻ አይደለም፤ ውኃው እያለም ለዓሣና ለሰው የማይጠቅም ሊሆን ይችላል።

የአምባሰል ማር

ከሐይቅ ወደ ሰሜን አልፈን ወደ አምባሰል ስንገባ፣ ትምህርቱ ከውኃ ወደ ገደል ይሻገራል። የአምባሰል ስም ከማሩ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ስያሜውን «አምባ» ከሚለው ቃልና በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «ዐሰል» ጋር የሚያያይዙም አሉ። በዚህ ምድር ላይ ስለ ልክ የሚያስተምረው ሁለተኛው መምህራችን እንግዲህ ንብ ነው።

ንብ ማር የምትሠራው ለእኛ ብላ አይደለም። አበባ በማይገኝበት ወራት እርሷና እጮቿ የሚመገቡት ስንቅ ነው። ከክረምት በኋላ ምድሩ በአበባ ሲሸፈን ቀፎው ይሞላል፤ በጥቅምትና በኅዳርም ማር ይቈረጣል። ጠንቃቃ ንብ አናቢ ቀፎውን ከመክፈቱ በፊት ከፊቱ ያለውን በጋ ያስባል። እጭ ያለበትን ሰፈፍ አይነካም፤ ለንቦቹ ስንቅ የሚሆን ማርም ትቶ የቀረውን ይቈርጣል። ስግብግቡ ግን ሰፈፉን ልቅም አድርጎ ያወጣዋል። በዚያ ቀን የእርሱ እንስራ ከጎረቤቱ እንስራ ይልቅ ይሞላል። በበጋው ግን ንቦቹ ይራባሉ፤ ወይ ያልቃሉ፣ ወይ ቀፎውን ጥለው ይኮበልላሉ። በቀጣዩ ዓመት ጎረቤቱ ማር ሲቈርጥ እርሱ ባዶ ቀፎ ይዞ ይቀመጣል።

ሁለቱም ሰዎች ማር ወድደዋል፤ ሁለቱም ማር ቈርጠዋል። የለያቸው ያስቀሩት ነው። ማሩን የሰጠው ቀፎው ብቻም አይደለም፤ ግራሩ፣ ግራዋው፣ የአደይ አበባውና የተራራው ቍጥቋጦ ሁሉ ነው። ስለዚህ ተራራው ለማገዶ ሲመነጠርና ለፍየል ያለ ገደብ ሲለቀቅ ማሩም አብሮ ይሄዳል። ማገዶና ማር አንድ ሥር አላቸው።

በዚሁ በአምባሰል ግሸን ደብረ ከርቤ ትገኛለች። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሺህ ምእመናን ከአገሪቱ ማዕዘናት ወደዚያች አምባ ይወጣሉ። መውጣታቸው በረከት ነው። ነገር ግን አንዲት ጠባብ አምባ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሕዝብ ስታስተናግድ ውኃው፣ ማገዶውና የቆሻሻው ነገር ከባድ ፈተና ይሆናል። ስንቁን በልክ ይዞ የወጣ፣ የያዘውን የፕላስቲክ ጠርሙስም ይዞ የወረደ ተሳላሚ ለቅድስት ስፍራዋ መባ እንዳቀረበ ይቈጠር። ይህንን ትምህርት ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ከመነሻው ከአውቶቡሱ በር ላይ ሊሰጡት ይችላሉ።

ጾማችንና ድግሳችን

ስለ ሐይቅና ስለ ገደል ለሌሎች ከማስተማራችን በፊት ወደ ራሳችን ቤት መመለስ ይገባናል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት አጽዋማት አሏት፤ ለምእመናን ሁሉ የታዘዙት የጾም ቀናት በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉ። ልክን ለመማር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል? ጾም ሆድን ለጊዜው መዝጋት ብቻ ሳይሆን ፈቃድን መግራት ነው። ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ተተርጉሞ የሚገኘው የሄርማስ መጽሐፍ በጾም ቀን ያልተበላው ምግብ ዋጋ ተሰልቶ ለመበለትና ለድኃ አደግ እንዲሰጥ ያስተምራል። ከጾም የሚተርፈው ነገር የሚደርስበት ቦታ አለው ማለት ነው። ከጾሙ የተረፈው በፍስኩ ቀን በእጥፍ የሚበላ ከሆነ ግን ቀኑን አሻገርነው እንጂ ልክን አልተማርንም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የተዝካር ነገር ነው። ተዝካር መታሰቢያ ማለት ነው፤ ፍሬ ነገሩም ጸሎት፣ ቅዳሴና ለነዳያን የሚሰጥ ምጽዋት ነው። በብዙ ቦታ ግን ለሟች የሚታሰብበት ሳይሆን ለቋሚ የሚፎካከሩበት ድግስ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል በቀላል ሒሳብ እንየው። አንድ ቤተሰብ በኅዳር መጨረሻ 12 ኩንታል እህል አስገባ፤ በወር አንድ ኩንታል ይመገባል እንበል። እህሉ ከታኅሣሥ እስከ ቀጣዩ ኅዳር ያደርሰዋል። በዚህ መካከል 4 ኩንታል የፈጀ ተዝካር ቢያወጣ ጎተራው በሐምሌ መጨረሻ ባዶ ይሆናል። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ያሉትን አራት ወራት፣ እህል በሚወደድበት ጊዜ፣ በብድር ወይም በሬ በመሸጥ ይገፋቸዋል። በሬው ከተሸጠ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አብሮ ተሸጠ። ለአንድ ቀን ጥጋብ ተብሎ የአራት ወር ረኀብ ተገዛ ማለት ነው።

በዚህ ነገር እኛ የአገልግሎት ሰዎች ከነቀፋ ነጻ አይደለንም። በድግሱ ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠን እኛ ነን። ሐዘንተኛዋ መበለት «ካህናቱ ምን ይሉኝ?» ብላ ከተበደረች፣ ዝምታችን ከዕዳዋ ላይ ድርሻ አለው። «ጸሎቱ ይበቃል፤ ለነዳያን ጥቂት ስጪ፤ የቀረው ለልጆችሽ ይሁን» የሚል አንድ የካህን ቃል ብዙ ቤት ያድናል። ይህንን ቃል ከእኛ በቀር በሙሉ ሥልጣን ሊናገረው የሚችል የለም።

ልክ የሚሰበከው ለማን ነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልክ ትምህርት የሚጀምረው ከጠገበው እንጂ ከተራበው አይደለም። የወሎ ሕዝብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. የደረሰበት ረኀብ ሕዝቡ አባካኝ ስለነበረ የመጣ አይደለም። ዝናብ ጠፋ፤ እርዳታም በጊዜው አልደረሰም። ኮሚሽናችን በ1964 ዓ.ም. በተቋቋመ ማግሥት የገጠመውም ይኸው መከራ ነበር። ስለዚህ የዘር እህሉን የበላውን ሰው «ለምን አላስቀረህም?» ብለን ልንወቅሰው አይገባም። ልጁ እየተራበ ዘር የሚያስቀምጥ አባት የለም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን እህል ነው።

ይሁን እንጂ ልክ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ያንኑ ድኃ ነው። ባለጠጋው ሐይቁ ቢደፈርስ ጉድጓድ ያስቈፍራል፤ ዓሣ ቢጠፋ ሥጋ ይገዛል። ድኃው ግን ከምንጩ፣ ከሐይቁና ከጋራው ሜዳ በቀር ሌላ ጎተራ የለውም። የጋራ ሀብት በልክ ሲያዝ በመጀመሪያ የሚጠበቀው የእርሱ ማዕድ ነው። የእርሻው ዳርቻ ለድኃው እንዲቀር የታዘዘበትም ምሥጢር ይህ ነው።

ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ለየአጥቢያው አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። እነዚህ ጥያቄዎች ለምንጭም፣ ለቤተ ክርስቲያን ደን ዛፍም፣ ለጎተራም ያገለግላሉ።

አንደኛው «ምን ያህል አለን?» የሚል ነው። በግቢያችን ስንት ጽድና ስንት ወይራ አለ? ምንጩ በበጋ አንድ እንስራ የሚሞላው በምን ያህል ጊዜ ነው? ይህንን በመዝገብ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ወጣት በየወሩ ቢጽፈው በሁለት ዓመት ውስጥ ጉባኤው የሚመካከርበት እውነተኛ መረጃ ይኖረዋል።

ሁለተኛው «ምን ያህል ይተካል?» የሚል ነው። የሐበሻ ጽድና ወይራ በዝግታ የሚያድጉ ዛፎች ናቸው። አንድ ጽድ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ለማሳደግ ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ችግኝ ተተክሎ ፍየል ከበላው ተተክቷል አይባልም። በአማራ ክልል የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ ካብ ማጠር ውጤት ማሳየቱ የታወቀ ነው። ካብ የሚሠራው ከራሱ ከእርሻው በተለቀመ ድንጋይ በመሆኑ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል።

ሦስተኛው «ምን ይቅር?» የሚል ነው። ይህ የሁሉ ልብ ነው። ከምንጩ ለከብትና ለታች ሰፈር የሚቀረው፣ ከደኑ የማይነካው ክፍል፣ ከእያንዳንዱ ቤት ለዘር የሚቀመጠው እህል አስቀድሞ በጉባኤ ይወሰን። ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ድግስም ጉባኤው ለሀብታሙም ለድኃውም እኩል የሆነ ገደብ ቢያወጣ መልካም ነው። ገደቡ ለሁሉ ከሆነ ድኃው አያፍርም፤ ሀብታሙም አይኩራራም።

አራተኛው «ማን ይጠብቀው?» የሚል ነው። ጠባቂ የሌለው ውሳኔ በወረቀት ላይ ይቀራል። ውኃ ደግሞ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሆኖ አያውቅም። በሐይቅና በአምባሰል ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ በአንድ ቅሬም ሙታኑን ይቀብራል። ስለዚህ ምንጩንና ሐይቁን የሚመለከት ውሳኔ በሰበካ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን ከቅሬው አባቶች፣ ከሙስሊም ሽማግሌዎች፣ ከአጥማጆችና ከቀበሌው ጋር አብሮ ሊወሰን ይገባል። ሁሉ የተስማማበትን ልክ ሁሉ ይጠብቀዋል።

እነዚህን ጥያቄዎች ከራሳችን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንጀምራቸው። በዓለ ንግሥ ሲሆን ከበዓሉ በኋላ በግቢው የሚቀረውን እንመልከት። የተጣለ እንጀራ ቢኖር ለማን ሊሆን ይችል ነበር? የፈሰሰ ውኃ ቢኖር ስንት ችግኝ ያጠጣ ነበር? ይህንን የሚጠይቅ ጉባኤ ለገበሬውና ለአጥማጁ የሚናገረው ቃል ይታመናል።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ ዳር ካስተማሩ ከ700 ዓመታት በላይ አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ትውልድ ከዚያ ውኃ ጠጣ፤ ስንት መነኵሴ መቁኑኑን ተቀብሎ ኖረ። ውኃው እስከ እኛ የደረሰው ከእኛ የቀደሙት ሁሉ ለእኛ ስላስቀሩልን ነው። ከእንግዲህ የሚቀረው ደግሞ በእኛ እጅ ነው። የእኛ የልጅ ልጆች በሐይቁ ዳር ቆመው ሲቀዱ እንስራቸው እንዲሞላ፣ ዛሬ የእኛን እንስራ የምንሞላበትን ልክ እንወቅ።

እግዚአብሔር አምላካችን የሚበቃንን የምናውቅበት ልብ፣ የሚቀረውንም የምንጠብቅበት ትጋት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።